መኪናቸው ዝቅ ብሎ መሪያቸው ለሚስብ ወገኖች የቀረበ ምክር

ቪትዝዎን ዝቅ አስደርገዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ከእንግዲህ ስፒድ ብሬከር ባዩ ቁጥር መኪናውን በሰያፍ እያስገቡ፣ ከኋላ ክላክስ የሚያንባርቀውን ሚኒባስ በትዕግሥት እያሳለፉ፣ ከሥር ለሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ደግሞ ተሳፋሪዎን «ምንም አይደለም» እያሉ እያጽናኑ የሚኖሩበት የተከበረ ሕይወት ተጀምሯል። ኮብልስቶን በተነጠፈበት ሰፈር የሚኖሩ ዘመዶች ካሉዎት ከዛሬ ጀምሮ እነሱ ይምጡ እንጂ እርስዎ አይሄዱም። እንደ ደንቡም አላይመንት አሠርተዋል። ማሽኑ ያተመው ወረቀት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ሠራተኛውም «አለቀ፤ ከአሁን በኋላ በአንድ ጣት ነው የሚነዱት» ብሎ ሸኝቶዎታል።

ይሁንና ከአላይመንት ቤቱ በር መቶ ሜትር ሳይርቁ መኪናው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። መሪውን ላላ ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ወደ እግረኛው መንገድ ይጠጋል፤ ሲመልሱት ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። አሁን ከፊትዎ ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው መሪውን ወደ ግራ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ዕድሜን መጨረስ ነው። ይህ በከተማችን ብዙ ተከታይ ያለው፣ የሙያ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ቶሎ ቶሎ ጎማ ከማስገዛትና ትከሻ ከማሳመም በቀር ምንም ጉዳት የሌለው ዘዴ ነው። ሁለተኛው ምርጫ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ሁለተኛውን ከመረጡ የሚከተለውን ምክር በጥሞና ያንብቡ።

በቅድሚያ፣ ምርመራውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ይፈልጉ እንደሆነ ይወስኑ። ከፈለጉ በጣም ቀላል ነው፦ ጋራዥ በር ላይ ኮፈኑን ከፍተው ይቁሙ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጉባኤው ይሟላል። ረዳቱ «ቴስቲና ነው» ይላል። ጎሚስታው «ጎማ ነው» ይላል። ጡረታ የወጡት ሾፌር በፊያት ዘመን ይኸው ነገር ገጥሟቸው በመዶሻ እንደፈቱት ይተርካሉ። «ዓይን ገብቶበት ነው» የሚልም አይጠፋም። ቡና የምታፈላው ልጅ ብቻ «ሞላው ሳይቆረጥ እኮ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው» ትላለች፤ እሷን ግን ማንም አይሰማትም። የጉባኤውን ውሳኔ በሙሉ ከተቀበሉ በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ወርደው ሁለት ቴስቲና፣ አንድ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ይገዛሉ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይገጠማል። መሳቡ ቢቆም የትኛው እንዳቆመው አያውቁም። ባይቆም ደግሞ የትኛው ያለ ጥፋቱ እንደተቀየረ አያውቁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ የዚህ ምክር ሕግ ሁለት ብቻ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከነፃው ይጀምሩና ወደ ውዱ ይሂዱ።

አንደኛ፣ የቅሬታዎን ዓይነት ይለዩ። «መሪው ልክ አይደለም» የሚለው አቤቱታ ለሚስት ወይም ለባል ይበቃል፤ ለመካኒክ ግን አይበቃም። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ብቻ ጠምዘዝ ብሎ ከቆመ ይህ መሳብ አይባልም፤ አላይመንቱ ሲሠራ መሪው መሐል ላይ አልተያዘም ወይም የኋላ ጎማዎቹ ወደ ጎን ያያሉ ማለት ነው። መሪው ሲለቀቅ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ፣ እውነተኛው መሳብ ይኸኛው ነው። ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚስብ ከሆነ ጉዳዩ ከፍሬኑ ወይም ከታችኛው ክንድ ጎሚኒ ጋር እንጂ ከአላይመንት ጋር አይደለም። ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ የሚስብ ከሆነ፣ ቪትዝ በፊት ጎማው የሚነዳ መኪና ስለሆነ፣ የላላ ጎሚኒ ወይም የደከመ የሞተር መቀመጫ ይጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ከታጠፉ በኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከታጠፉ በኋላ ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ ደግሞ መኪናዎ የመጨረሻውን ነገር የማይረሳ ቂመኛ ነው፤ የእሱን መድኃኒት ኋላ ላይ እናየዋለን። እነዚህን አምስቱን ሳይለዩ ጋራዥ የገባ ሰው «አሞኛል» ብቻ ብሎ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ ሁሉንም መድኃኒት ይውጣል።

ሁለተኛ፣ ከመኪናው በፊት መንገዱን ይክሰሱ፤ መንገድ ሲከሰስ አይከፈልበትም። አስፋልት ጠፍጣፋ ተደርጎ አይሠራም። የዝናቡ ውኃ እንዲወርድ ከመሐል ወደ ጠርዙ ያዘነብላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ ጤነኛ መኪናም ቢሆን መሪው ሲለቀቅ ጥቂት ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ወግ ነው። ይህን ለመለየት እሁድ ማለዳ ትራፊክ የሌለበት ቀጥ ያለ የውስጥ መንገድ ወይም ሰፊ ባዶ ግቢ ይፈልጉ። በአንድ መሥመር ላይ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ከዚያ ዞረው በዚያው መሥመር ይመለሱ። ሲሄዱ ወደ ቀኝ፣ ሲመለሱ ወደ ግራ ከሳበ ጥፋተኛው መሬቱ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ቀኝ ከሳበ ጥፋተኛው መኪናው ነው፤ ማንበብዎን ይቀጥሉ። ይህን ሙከራ በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ መሪ ለቀው የሚያደርጉ ጀግኖች አሉ። ምክራችን ግን ለሕያዋን ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ እነሱን አይመለከትም።

ዝቅ ያለ መኪና በዚህ ረገድ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ሰፊ ጎማና ሰፊ ቸርኬ ካስገቡ፣ በተለይም ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር ከጨመሩ፣ ከባድ መኪኖች አስፋልቱ ላይ የቀረፁትን ቦይ ሁሉ መሪው ይከተለዋል። መኪናው እዚህ ቦታ ወደ ግራ፣ እዚያ ቦታ ወደ ቀኝ ከሳበ በሽታ አይደለም፤ መልክ የተገዛበት ዋጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ንፋሱን ይለኩ። የንፋሱ ልክ በፊት በር በኩል ፍሬሙ ላይ በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፏል፤ እንደ ቪትዝ ላለ ትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መሆናቸው ዋናው ነገር ነው። ንፋስ ያነሰበት ጎማ ይጎትታል፤ መኪናውም ወደዚያው ይሄዳል። መለኪያው የጎሚስታው የንፋስ ጌጅ ነው፤ ጎማውን መትቶ «በቂ ነው» የሚል ሰው ግን መለኪያ አይባልም። የሚገርመው ብዙ ሰው የሁለት ሺህ ብር መለዋወጫ ከገዛ በኋላ ወደዚህ ተራ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ጎማዎቹን ቦታ ያቀያይሩ። ከሁሉም ምርመራ ብዙ እውነት የሚናገረው ይኸኛው ነው፤ የሚፈጀው ደግሞ ክሪክ፣ የዳዶ ቁልፍና ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ጎማ ሲሠራ በውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ጥቂት ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ጎማው ሲንከባለል ሾጣጣ ይሆናል። የቡና ስኒ በጎኑ አስተኝተው ጠረጴዛ ላይ ቢገፉት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጠባቡ ግርጌው ይዞራል። ጎማም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ሳይነሳ፣ በዓይን ሲታይ ምንም ሳይጎድለው ይስባል። አላይመንት ማሽን ይህን አያይም፤ ማሽኑ የሚለካው ቸርኬው የተቀመጠበትን አቅጣጫ እንጂ የጎማውን ባሕርይ አይደለም።

ስለዚህ የፊት ግራውን ወደ ፊት ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አድርገው እዚያው መንገድ ላይ ይንዱ። መሳቡ ጎን ከቀየረ ጎማ ነው። መሳቡ ከጠፋም ጎማ ነበር፤ እንደዚያው ይተዉት፤ ዝም ብለው ደስ ይበልዎት። መሳቡ እንደነበረው ወደ ቀኝ ከቀጠለ ጎማው ነፃ ወጥቷል። ጎማው በጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት የተሣለበት ከሆነ ግን ግራና ቀኝ ማቀያየር ቀስቱን ይገለብጠዋል፤ በዚያ ጊዜ የአንዱን ጎን የፊትና የኋላ ጎማ ቦታ ያለዋውጡ። የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ተበልቶ ሽቦ ሊያሳይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ሙከራውን ይተዉትና ጎማ ይግዙ። ዝቅ ያለ መኪና ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ውጪው ሙሉ ጥርስ ስላለው ቆሞ የሚያየው ሁሉ «ገና ነው» ይላል፤ ጥፋቱ የተደበቀው ከውስጥ በኩል ነው።

አምስተኛ፣ የፍሬኑን ሙቀት ያዳምጡ። ፍሬን ብዙ ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው በቀስታ ያቁሙ። ከዚያ መዳፍዎን ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩት። አንደኛው ለብ ብሎ ሌላው የሚያቃጥል ከሆነ በሞቀው በኩል ፍሬኑ ከዲስኩ አልለቀቀም፤ መኪናው የሚስበውም ወደዚያው ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ያንን ጎን በክሪክ አንሥተው ጎማውን በእጅ ያዙሩት። የማይለቅ ካሊፐር በአላይመንት አይድንም። እንዲያውም ፍሬኑን የያዘ መኪና አላይመንት ማሠራት ማሽኑን ማሾፊያ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ ግን ትሁት ስለሆነ አረንጓዴውን ወረቀት ሳያንገራግር ያትምልዎታል።

ስድስተኛ፣ ሜትር ይዘው ይውረዱ። እስካሁን ያለው ለማንኛውም መኪና የሚሆን ምክር ነበር፤ ይኸኛው በተለይ የእርስዎ ነው። ዝቅ ለማድረግ ልኩን የጠበቀ አጭር ሞላ አስገብተው ከሆነ እሰየው። ነገር ግን በአገሩ ልማድ ነባሩን ሞላ በግራይንደር አስቆርጠው ከሆነ ሁለት ነገር ሆኗል። የሞላ ዙር ሲቀንስ ሞላው ይደርቃል፤ ይህ ለወገብዎ ነው። ግራውና ቀኙ እኩል ካልተቆረጡ ደግሞ መኪናው ያዘነብላል፤ ይህ ለመሪዎ ነው። በነበልባል አሙቀው ካወረዱት ሞላው ጥንካሬውን ስላጣ በየወሩ ራሱ ዝቅ ማለቱን ይቀጥላል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላው ከመቀመጫው እየለቀቀ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ስለ መሳቡ ማሰብዎን ያቁሙ፤ ያንን መኪና እስኪስተካከል ድረስ አይንዱት።

መለካቱ እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ ያስተካክሉ፤ ውስጡ ሰው አይኑር፤ ኋላ ያለው የጤፍ ጆንያም ይውረድ። ሞላው በቦታው እንዲረጋ ፊቱንና ኋላውን ጥቂት ጊዜ ተጭነው ይልቀቁ፤ መኪናውን አንድ ሁለት ሜትር ወደፊት ገፍተው ይመልሱት። ከዚያ ከቸርኬው መሐል ነጥብ ቀጥ ብለው ወደ ላይ፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ይለኩ። አራቱን ቁጥሮች በብዕር መዳፍዎ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። በፊት ግራና ቀኝ፣ በኋላም ግራና ቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ቢያንስ ይሻላል። የኋላውን አይርሱ፤ የኋላ ግራ ከፍ ካለ ክብደቱ በሰያፍ ወደ ፊት ቀኝ ይወርዳል፤ እርስዎ የፊቱን እየመረመሩ ጥፋተኛው ከኋላ ተቀምጦ ይታዘብዎታል።

ከፍታው ለምን መሪን ይነካል ቢሉ፣ መልሱ በካምበር ውስጥ ነው። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የቪትዝ የፊት ጎማዎች ጭንቅላት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ዘንበል ያለ ጎማ ደግሞ ወደ ዘነበለበት መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱ እኩል ወደ ውስጥ ካዘነበሉ እርስ በርሳቸው ይገፋፉና መኪናው ቀጥ ይላል። አንደኛው አብልጦ ካዘነበለ እሱ ያሸንፋል። ዝቅ ማለት በራሱ መኪናው እንዲስብ አያደርግም፤ እንዲስብ የሚያደርገው እኩል ዝቅ አለማለት ነው።

ሰባተኛ፣ አረንጓዴውን ወረቀት እንደ ውል ያንብቡት። ብዙ ሰው አጣጥፎ ከቦሎው ወረቀት ጋር ያስቀምጠዋል፤ እርስዎ ግን ይዘርጉት። ወረቀቱ «የነበረ» እና «የተስተካከለ» የሚል ሁለት ዓምድ ያሳያል፤ በእያንዳንዱም ግራና ቀኝ አለ። ቁጥሮቹ በዲግሪና በደቂቃ ናቸው፤ በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ደቂቃ ስላለ 0 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት ግማሽ ዲግሪ ነው። እንበል የግራው ካምበር ከዜሮ በታች 30 ደቂቃ፣ የቀኙ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ሆኖ ተጽፏል። ሁለቱም ማሽኑ በሚፈቅደው ክልል ውስጥ ገብተው አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው ግን 1 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ነው። በሙያው ግማሽ ዲግሪ የሚያህል ልዩነት ያሳስባል፤ ይህ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። መኪናው የሚስበው ያነሰ ወደ ውስጥ ወዳዘነበለው ጎን፣ እዚህ ላይ ወደ ግራ ነው።

ካስተርን በዚያው ዓይን ይዩት። ካስተር መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚጋደምበት ልክ ነው፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። መኪናው ካስተሩ ወደሚያንስበት ጎን ይስባል። የካስተር ልዩነት ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉድጓድ ያጣመመው ክንድ ወይም ከቦታው የሸሸ የሞተር ተሸካሚ ብረት አለ። ዝቅ ያለ መኪና ጉድጓድ ሲገባ የሚነካው ነገር ስለሚበዛ ይህን ጥርጣሬ እንደ ስድብ አይውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አላይመንት ቤቱ በቪትዝዎ ላይ ምን አስተካከለ? የፊቱን ቶ ብቻ። ቶ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ልክ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ ካምበሩና ካስተሩ በቡሎን እንዲስተካከሉ ተደርጎ አልተሠራም፤ ኋላውም አንድ ወጥ ተሸካሚ ስለሆነ በቁልፍ የሚዞር ነገር የለውም። ቶ ደግሞ ከተበላሸ ጎማ ይበላል፣ መሪ ያጣምማል እንጂ መኪናን ወደ አንድ ጎን እምብዛም አይስብም፤ የፊት ሁለቱ ጎማዎች በመሪው ተያይዘው ስለሚሄዱ ስሕተቱን እኩል ይካፈሉታል። እንግዲህ ሠራተኛው አልዋሸም። ማስተካከል የሚችለውን አስተካክሎ፣ የማይችለውን ለክቶ፣ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት አትሞ ሰጥቶዎታል። ሁለተኛውን ክፍል ያላነበበ ሰው ብቻ ነው የሚያዝነው። በነገራችን ላይ ማሽኑ የሚያመሳስለው በፋብሪካ ከፍታው ላይ ካለ መኪና ጋር ነው፤ ያስቆረጡትን ሞላ ማንም አልነገረውም። ሠራተኛው ከዝርዝሩ ውስጥ የመረጠው ሞዴል የእርስዎ መሆኑንም ወረቀቱ ራስጌ ላይ ያረጋግጡ።

ስለ ቪትዝ አንድ የቤተሰብ ምስጢር ልጨምር። ቪትዝ ቶዮታ በጃፓን ገበያ ከ1999 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) የሸጠበት ስም ነው፤ ውጭ አገር ያው መኪና በአብዛኛው ያሪስ ይባላል። ጃፓን በግራ የሚነዳ አገር ስለሆነ ቪትዝ ሲወለድ መሪው በቀኝ ነበር። እኛ ጋ በግራ መሪ የሚሄደው ቪትዝ እንግዲህ በሕይወቱ አንዴ ተከፍቶ መሪው የዞረ ነው፤ ብዙዎቹ ለዚህ ዱባይ ጎራ ብለው መጥተዋል። ያ ሥራ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ በጥድፊያም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሪው ሥር ያለው ሳጥን በእኩል መሐል ላይ መቀመጡን፣ ቡሎኖቹ ጠብቀው መታሰራቸውን ማሳየት ክብር አይነካም።

ስምንተኛ፣ መኪናውን አንሥተው ይነቅንቁት። ክሪክ ብቻ አምነው ከሥር አይግቡ፤ ጠንካራ መቆሚያ ያስገቡ። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ ቴስቲናውን ይዩ። ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተጫወተ የታችኛውን ኳስ መገጣጠሚያ ወይም ኩሽኔታውን ይዩ። የሚጫወት ነገር ባለበት አላይመንት ማሠራት ዋጋ የለውም፤ ማሽኑ ላይ በቆመበት ቦታና መንገድ ላይ በሚሄድበት ቦታ ጎማው አንድ አይሆንም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደተነሡ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን ይልቀቁ። ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ከዞረ ችግሩ ከጎማ በላይ ነው። የኤሌክትሪክ መሪ የዜሮ ነጥቡን ሲስት ጎማው እንከን ባይኖርበትም እንዲህ ያደርጋል፤ ይህ በኮምፒውተር የሚስተካከል ነው።

ከዚያ ወደ ቂመኛው መኪና እንመለስ። መጨረሻ ወደታጠፉበት ጎን የሚስብ ከሆነ አሞርዛተሩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ደርቋል ወይም አላግባብ ታስሯል። ሞላ ለማስቆረጥ ሲፈታ የተነካው ያው ክፍል ስለሆነ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሌላም አለ። የክንዱ ጎሚኒ ቡሎን የታሰረው መኪናው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሆነ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሌት ተቀን ክንዱን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። መድኃኒቱ ቡሎኑን ማላላት፣ መኪናውን በጎማው መሬት ላይ ማቆም፣ ጥቂት ተጭኖ ማወዛወዝ፣ ከዚያ እንደገና ማጥበቅ ነው። መለዋወጫ አይገዛበትም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙ ጋራዥ የማይጠቅሰው።

ዘጠነኛ፣ አሁን ብቻ ገንዘብ ያውጡ። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው። ከፍታው የተዛባ ከሆነ ሞላውን በጥንድ፣ ግራና ቀኝ እኩል የሆነ አድርገው ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ትንሽ ጨምሮ መቁረጥ ዳር የሌለው ሥራ ነው። የተጣመመ ክንድ ካለ ይቀየር፤ ካምበሩን አስተካክሎ ጠማማውን መደበቅ በነጭ ቀለም ግድግዳ ስንጥቅ መሸፈን ስለሆነ ነገ ይከፈታል። የሚጫወተው ነገር ሁሉ ይጥበቅ ወይም ይቀየር። አዲስ ሞላ ከገባ ጥቂት ቀን ነድተው እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የካምበር ልዩነት ከቀረ ብቻ በአሞርዛተሩ ሥር ካለው ቡሎን በአንዱ ፋንታ የሚገባውን የካምበር ቡሎን ያስገቡ፤ ይህ እንደ ሁኔታው አንድ ዲግሪ ያህል ማስተካከያ ይሰጣል። አላይመንቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሠራተኛውን ሲያዩትም «ወደ ቀኝ ይስባል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሬዋለሁ፤ ጎማ አቀያይሬያለሁ፤ ከፍታው ተለክቷል፤ የካምበሩንና የካስተሩን ልዩነት አሳየኝ» ይበሉት። ይህን ሁሉ ከአንድ ደንበኛ በአንድ ትንፋሽ የሰማ ባለሙያ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ግን ወንበር ያቀርብልዎታል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቪትዝ መኪና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጥሪት ሆኗል። ጥሪትን ደግሞ በግምት አያክሙትም። ስለዚህ ወዳጄ፣ መኪናዎን ዝቅ ማድረግዎ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም። አራቱን ማዕዘን ግን እኩል ዝቅ ያድርጉ። ንፋሱን ይለኩ፣ ጎማውን ያቀያይሩ፣ ሜትሩን ያውጡ፣ ወረቀቱን ያንብቡ፤ አላይመንት ቤት የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። አላይመንት ያመጡለትን መኪና ይለካል፤ ያላመጡለትን መኪና አይሠራም።